እማማ ውኃ የማይጠጡት ለምንድን ነው?

ዛሬ የማነሳው የሽንት ቤት ጉዳይ ነው። ቁርስ ላይ ሆናችሁ የምታነቡ ይቅር በሉኝ፤ ዕድሜዋን በነርስነት የጨረሰች ሴት በዚህ አታፍርም።

እዚህ ዓለም ገና፣ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰባት ቤተሰብ የሚኖርበት የኪራይ ቤት ግቢ አለ። ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ቧንቧውም ሽንት ቤቱም የጋራ ነው። ሁላችንም እማማ የምንላቸው አዛውንት የሚኖሩት እዚያ ነው። የደም ግፊታቸውን ልለካ በሄድኩ ቁጥር ከንፈራቸው ደርቆ አገኛቸዋለሁ፤ ራሴን ያዞረኛል ይላሉ። ለወራት "እማማ፣ ውኃ ይጠጡ እንጂ!" እያልኩ ስቆጣ ከረምኩ። አንድ ቀን "ለምን አይጠጡም?" ብዬ ጠየቅኋቸው። የልጅ ልጆቻቸው እስኪወጡ ጠብቀው፣ "ሲስተር፣ ከጠጣሁ ሌሊት መውጣት ሊኖርብኝ ነው" አሉኝ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። አከራዩ መሥሪያ ቤት ሽንት ቤቱን በቅርቡ አሳድሶት ነበር። ግድግዳው ተለስኗል፣ ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ በሩ ቀለም ተቀብቷል። ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ወለሉ ከፍ ሲል ሁለት ደረጃ ተጨመረበት። መደገፊያ የለውም፣ አምፖልም የለውም። ሰማንያ ዓመት ላለፈው ጉልበት፣ በክረምት ጭቃና በጨለማ፣ ሁለት ደረጃ ገደል ነው።

ዕድሜ ሲገፋ የውኃ ጥም ስሜት ራሱ ይደክማል። በዚያ ላይ ሰው ሆን ብሎ ውኃ ሲቀንስ ራስ ማዞር፣ የሆድ ድርቀትና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊከተል ይችላል። ያዞረው አዛውንት ይወድቃል፤ በዳሌ ስብራት ምክንያት አልጋ ላይ የቀሩ ስንት አይቻለሁ!

እነዚያ ሁለት ደረጃዎች የተሠሩት ማንም እማማን ስላልጠየቀ ነው። እኔም ብሆን ለወራት መከርኳቸው እንጂ አልጠየቅኋቸውም።

በዕድሜ የገፋችሁ አንባቢዎቼ የቀበሌ ቤት እንዴት እንደመጣ ታስታውሳላችሁ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው፣ ማለትም በወር እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተሰጡ። ልብ በሉ፤ ስሙ የነዋሪዎች ማኅበር ነበር። በወረቀት ላይ ተከራዩ የአከራዩ አባል ነበር ማለት ነው። እያደር ግን ቀበሌው ቢሮ ሆነ፤ ነዋሪውም ባለጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ይህ በሕግ የሚሠራበት አገር አለ። በዴንማርክ ለትርፍ ባልተቋቋሙ የኪራይ ቤቶች የሚኖሩ ተከራዮች በየሰፈራቸው ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ የሰፈራቸውንም በጀት ያጸድቃሉ። "እነሱ ሀብታም ናቸው" ትሉኝ ይሆናል። መጠየቅ ግን ገንዘብ አያስወጣም። ደግሞስ ዳኛና ገንዘብ ያዥ መርጦ ዕድሩን የሚያስተዳድር ሕዝብ ስለሚኖርበት ቤት መምከር ያቅተዋል?

የግቢው ሰዎች አንድ እሑድ ቡና አፍልተው ተሰበሰቡ። እማማ መደገፊያና መብራት አሉ። ስድስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ደግሞ አንገቷን ደፍታ፣ በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ ስለሌለው ትምህርት ቤት እስክትደርስ እንደምትታገሥ ተናገረች። እናቷ ይህን የሰማችው ያን ዕለት ነው። የሁሉም ቃል በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ሰባቱም ቤተሰብ ፈርመውበት ለአከራዩ ገባ። የተቀበላቸው ሠራተኛ "ይህን እኮ የነገረን የለም" አላቸው። እውነቱን ነው፤ የጠየቀም አልነበረም።

የብረት መደገፊያው በሦስተኛው ሳምንት ተበየደ፣ መቀርቀሪያውም ተገጠመ። አምፖሉ እስካሁን አልመጣም፤ ሌሊት የልጅ ልጃቸው ባትሪ ይዞ ይሸኛቸዋል። እማማ ግን ውኃ መጠጣት ጀምረዋል።

በኪራይ ግቢ የምትኖሩ ወላጆች፣ ስትሰበሰቡ መጀመሪያ በጣም የሚቸገረውን ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም የሚለው እሱ ነው። የተባለውን ጻፉ፣ ቅጂ አስቀሩ፣ መልሱ መቼ እንደሚሰጣችሁም ቀን አስቆርጡ። አከራይ የሆናችሁም፣ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ግቢው ገብታችሁ አንድ ስኒ ቡና ጠጡ።

እስከ ሳምንት ደህና ሰንብቱ።