ዱላው ረዘመባት እንጂ አቅም አላነሳትም

ታኅሣሥ ገብቶ የገብሱና የጤፉ አጨዳ ሲያበቃ፣ ከጉና ተራራ ሥር አንሥቶ እስከ ጋፋት ድረስ ባዶውን የቀረ ማሳ ሁሉ የገና መጫወቻ ይሆናል። ወንዶች ልጆች ጫፉ የተቆለመመ ወይራ ወይም ክትክታ ፍለጋ ይዞራሉ፤ ሩሩ ከእንጨት ይጠረባል ወይም ከቆዳ ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ሰፈር ከሰፈር ተከፍሎ ይጋጠማል። እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በበትራቸው ሩር መቱ እየተባለ የሚነገረውን ታሪክ አንባቢያችን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋልና አንደግመውም። እኛ ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ይህ ሁሉ ሕዝብ ሜዳ ሲወርድ ዳር ቆመው ስለሚቀሩት ነው፤ ይኸውም ስለ እኅቶቻችን ነው።

ለምን ዳር ይቆማሉ ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ የሴት ክንድ ሩር አይመታም ይባላል። ይህን የሚሉት የመንደር ሽማግሎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ብዕር ባላነሣን። ነገር ግን ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምረው ፈተና ያለፉ ጓደኞቻችንም ሲሉት ሰምተናል። እኛም ብንሆን አፍ አውጥተን አንናገረው እንጂ በልባችን እናምነው ነበር። ይህን እምነት ያስጣለችን የአከራያችን ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ 13 ዓመት ነው።

ያለፈው ዓመት ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በግቢው ውስጥ ሩር ስናንከባልል አየችንና «ጋሼ፣ እኔም ልምታ» አለች። የታላቅ ወንድሟን ዱላ አቀበልናት። ሰነዘረች፤ ሩሩን ስታ መሬቱን ቆፈረችው። ደግማ ብትሰነዝር ዱላው ከእጇ አምልጦ አጥር ላይ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ሁላችንም በአንድነት መምህር ሆንን። አንዱ «ጠንክረሽ ምቺ» ይላል፤ ሁለተኛው «ክንድሽን አጠንክሪ» ይላል፤ ሦስተኛው «ዐይንሽን ከሩሩ ላይ አትንቀይ» ይላል። ከሦስቱ ምክር ለአንድ ነገር የሚረባው የሦስተኛው ብቻ ነበር፤ እርሱም የሚናገረው ልጅቱ ከሳተች በኋላ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መዳፏ ውኃ ቋጠረ እንጂ ምቷ አልተሻሻለም። በበዓሉ ዕለት ዱላዋን ይዛ ሜዳ ብትወርድ ደግሞ ጨዋታውን ያስተናብር የነበረ አንድ ሰው «ሂጂ፣ ቡናሽን አፍዪ» ብሎ መለሳት። እኛ አጠገቧ ቆመን ነበር፤ ዝም አልን። ዝምታችንን እዚህ የጻፍነው ጓደኞቻችን እንዲዘባበቱብን አይደለም፤ ደግመን ዝም ለማለት እንዳይመቸን ብለን ነው።

ነገሩ በዚሁ ይቀር ነበር፤ ነገር ግን ቡሄ መጣ። ይህች ከተማ ስሟን ከበዓሉ ጋር የምትጋራ ናትና ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር በደብረ ታቦር ሲከበር የጅራፉ ጩኸት እንዴት እንደሚያደነቁር ክረምቱን እዚህ የከረመ ያውቀዋል። ከበዓሉ በፊት በነበሩት ቀናት ያቺው ልጅ ወንድሟ አጥር ላይ የሰቀለውን ጅራፍ ማንም ሳያያት አወረደችና በራሷ ላይ አዙራ መለሰችው። የመጀመሪያው ምንም አላለም። ሁለተኛው አንገቷን ገረፋት። በሦስተኛው ጊዜ የጮኸው ጩኸት ጎረቤቶቻችንን ከየቤታቸው አወጣቸው። ያቺው ክንድ ናት፤ ሩር አይመታም የተባለው ክንድ።

እንግዲህ ጅራፍ ለምን ይጮኻል? ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ስለሚሄድ ነው፤ ይኸውም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ ማለት ነው። የማንም ሰው ክንድ፣ የወንድም ይሁን የሴት፣ በዚህ ፍጥነት አይሄድም። ፍጥነቱ የሚመጣው ጅራፉ ከእጀታው ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን ስለ ሆነና እንቅስቃሴው ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እየተላለፈ ስለሚሄድ ነው። ጫፉ መጨረሻ ይደርሳል፤ መጨረሻ ስለ ደረሰም ከሁሉ ይፈጥናል። ጅራፉን ሁሉ ባንድ ጊዜ እንደ ዱላ የሚጎትት ሰው ጩኸት አያገኝም። የሰው አካልም እንዲሁ ነው። እግርና ዳሌ ወፍራሙ ክፍል ናቸው፤ ትከሻ ይከተላል፤ ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ የእጅ አንጓ፣ በመጨረሻ የዱላው ቆልማማ ጫፍ። እኛ «ክንድሽን አጠንክሪ» ስንላት ጅራፉን ከመካከሉ ይዘን ጩኺ እንደ ማለት ነበር።

ከዚህ በኋላ ልጅቱን እንደ ገና መመልከት ጀመርን። መምከር ትተን መመልከት ማለታችን ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው አድርገነው በሆነ ኖሮ! ሁለት እግሯን ገጥማ ትቆማለች። ጉልበቷ አይታጠፍም። ዱላውን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ታነሣለች፤ ቀጥ አድርጋ ወደ ታች ታወርዳለች። ይህን አሠራር የት እንዳየነው ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ በየጠዋቱ በምናልፍበት ደጃፍ ነበር። ሙቀጫና ዘነዘና ነው! ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ወቅጣለች። በሙቀጫ ላይ ወደ ጎን የሚዞር ወገብ እህል ያፈስሳል፣ ያስቆጣልም፤ ስለዚህ አካሏ ወደ ጎን እንዳይዞር ሆኖ ተማረ። ወንድሟ በዚያው ዕድሜው ከብት ሲከተል ወንጭፍ ወነጨፈ፣ በዱላ ድንጋይ መታ፣ በየነሐሴው ጅራፍ አጮኸ። ሁለቱም ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው፤ የተማሩት ትምህርት ነው የተለየው። እኛ ተፈጥሮ ያልነው ነገር የቤት ሥራ ክፍፍል ሆኖ ተገኘ። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሴቶች እኩልነት የሚደረገውን ክርክር ሁሉ ሰምተናል፤ ከዚህች ሙቀጫ የበለጠ ያስረዳን ግን የለም።

ከመስከረም ጀምሮ ያደረግነውን ባጭሩ እንናገራለን፤ ሌላም ሰው ታናሽ እኅቱን ሊያስተምር ይፈልግ ይሆናልና።

በመጀመሪያ የወንድሟን ዱላ ቀማናት። ክብደት ከእጅ በራቀ መጠን ለማዞር የሚያስቸግረው በርቀቱ ልክ አይደለም፤ በርቀቱ ካሬ ነው። እጥፍ ቢርቅ አራት እጥፍ ያስቸግራል። ለ18 ዓመት ጎረምሳ የተቆረጠ ወይራ ለ13 ዓመት ልጅ ሲሰጥ ዱላው እርሷን ያዞራታል እንጂ እርሷ አታዞረውም። ቀጥ ብላ ስትቆም እስከ ዳሌዋ የሚደርስ፣ ቀለል ያለ ክትክታ ቆረጥንላት። ግማሹ ችግር በዚህ ብቻ አለቀ፤ እኛ ግን ስምንት ወር ሙሉ አቅም አነሳት ስንል ከረምን።

አያያዟን አላላን። ግራ እጇ በዱላው ራስ፣ ቀኝ እጇ ከሥሩ ተጠግቶ፣ ዱላው በመዳፏ ሳይሆን በጣቶቿ ላይ እንዲያርፍ አደረግን። በጠዋት ውርጭ እጅ ሲደነዝዝ ጣት ሳይታዘዝ ይጨብጣልና መጀመሪያ እሳት ዳር ማሞቅ ያሻል። ከዚያም እግሮቿን በትከሻዋ ስፋት ከፈትን፣ ጉልበቷን ጥቂት አጠፍን፣ ግራ ትከሻዋን ሩሩ ወደሚሄድበት አዞርን። ሩሩ የሚቀመጠው በግራ እግሯ ትይዩ ነው።

ወገቧን ለማስፈታት ግን ቸገረን። «ዳሌሽን አስቀድሚ» ብንላት ሳቀችብን፤ ብትስቅ አይፈረድባትም። መፍትሔውን ያገኘው ከላይ ጋይንት የመጣ ጓደኛችን ነው፤ ልጅ ሳለ እረኛ ነበር። እረኛ ሲያርፍ ዱላውን በማጅራቱ አጋድሞ ሁለት ክንዱን እንደሚሰቅልበት ሁሉ ልጅቱን እንዲሁ አቆማት፤ ከዚያም ቀኝ ተረከዟን ከመሬት እያነሣች ወደ ግራ እንድትዞር አደረገ። ክንዷ ተሰቅሏልና ከእግርና ከዳሌ በቀር የሚሠራ የለም። ይህን በየማታው ሃያ ጊዜ ታደርግ ነበር። የፊዚክስ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን በሰሌዳ ላይ ሊያስረዳት ያዘጋጀው ሥዕል ሳይታይ ቀረ፤ እስከ ዛሬም ቅር ይለዋል።

ቀጥሎ ያለ ሩር ሰነዘረች። ዱላው አየሩን ሲሰነጥቅ የሚሰማው ድምፅ ከሩሩ ቦታ በፊት ከሆነ ክንዷ ቸኩሏል ማለት ነው፤ ድምፁ ሩሩ ባለበትና ካለፈም በኋላ ሊሰማ ይገባል። ይህን በጆሮዋ ለይታ ራሷን አረመች። ከዚያ በኋላ ብቻ ሩሩን አስቀመጥንላት፤ መጀመሪያ ቆሞ፣ ቆይቶም እየተንከባለለ። በአሜሪካ በ1887 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቺካጎ የተጀመረውና ሶፍትቦል የሚባለው የዱላ ጨዋታ አሠልጣኞችም ልጆችን የሚያስጀምሩት የሚወረወር ኳስ አስመትተው አይደለም፤ ኳሱን አጭር እንጨት ጫፍ ላይ አስቀምጠው ነው። የሚመጣ ኳስ ልጅን ያስቸኩላል፤ የቸኮለ ልጅ ደግሞ ወደ ለመደው ይመለሳል፤ የእኛዋም ወደ ሙቀጫዋ።

በኅዳር አጋማሽ የመታችው ሩር አጥሩን አልፎ የጎረቤት ዶሮ በታተነ። ይቅርታ ጠይቀናል። አንድ ጉድለት እስካሁን አለባት፤ ሩሩ የት እንደ ሄደ ለማየት ትቸኩልና ሳትመታው ቀና ትላለች። ይህ ግን በእኛም በወንዶቹ ላይ ያለ ነው።

ይህን ሁሉ ስናወራ የሚቃወሙን አይጠፉም። አንደኛው ተቃውሞ ገና እግር ይሰብራል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይሰብራል። የወንድንም ይሰብራል። ስለዚህ ጀማሪዎች ለብቻቸው ይጫወቱ፣ ዱላ ከጉልበት በላይ አይነሣ ብሎ ደንብ ማውጣት ይቻላል። ሌላው፣ ከባህላችን ውጭ ነው የሚለው ነው። ከገና ጋር የሚመሳሰለው ሆኪ በኦሎምፒክ ለወንዶች የተጀመረው በ1908 ነው፤ ሴቶች የገቡበት በ1980 በሞስኮ ነው። ይህም እንግዲህ ሠልጥነናል ከሚሉት ዘንድ 72 ዓመት የፈጀ ክርክር ነው። በዚያው በሞስኮ ምሩጽ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ባገኘበት ጊዜ የመጀመሪያውን የሴቶች ሆኪ ወርቅ የወሰደችው አፍሪካዊት አገር ዚምባብዌ ናት፤ ምንም እንኳ ተጫዋቾቹ በሙሉ ነጮች ቢሆኑ። ከ12 ዓመት በኋላም በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ባህላችን የተጎዳ አልመሰለንም፤ እንዲያውም በየአደባባዩ ጨፍረናል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ያቀረቡት የልጅቱ እናት ናቸው፤ ለእርሱ ግን መልስ የለንም። ልጃቸው ስትመታ ቆመው አዩና «ልጆቼ፣ ዱላውስ ይሁን፤ ውኃውን ማን ይቀዳል?» አሉን። የጨዋታው ሰዓት የውኃው ሰዓት ነው። ወንድሟ ከሰዓት በኋላ ሜዳ መውረድ የሚችለው እርሷ ጄሪካን ተሸክማ ስለምትመላለስ ነው። እኛ ሦስት ቀን በተራ ቀዳን፤ ፈተና ደረሰና ተውነው። ወንድሟን ለምነን በሳምንት ሁለት ቀን እንዲቀዳ ተስማማ፤ አንዱን ቀን ይጠብቃል፣ አንዱን ይረሳል። የእጇን አያያዝ ያስተካከልንላት በአንድ ማታ ነው፤ ይኸኛውን ግን ልናስተካክለው አልቻልንም። ቢሆንም ልጅቱ ሜዳ መውረድን አልተወችም፤ ውኃውን ሲነጋጋ ቀድታ ማምጣት ጀምራለች። ይህን እንደ ምስጋና የሚቆጥርልን ሰው ካለ ተሳስቷል።

ስለዚህ የተማሪዎች ኅብረታችን የስፖርት ክፍል ሁለት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። ገና ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር በአገር አቀፍ የባህል ስፖርት ውድድር ውስጥ የሚገኝ ጨዋታ ነው፤ ስለዚህ በክፍሉ የዕቃ ቤት ከኳስና ከመረብ ጎን ለሴቶችና ለልጆች የሚሆን ዱላ ይኑርበት። ሁለተኛ፣ ከታኅሣሥ 29 በፊት ባሉት ሦስት ቅዳሜዎች የሜዳው ግማሽ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ለጀማሪ ሴቶች ይለቀቅ፤ የግቢያችን ተማሪዎችም የከተማው ልጆችም ይግቡበት። ባለፈው ዓመት እንደ ሆነው የሚመልስ ሰው ቢመጣ በዚህኛው ጊዜ በር ላይ የምንቆመው እኛ ነን።

ለገና ወደ ቤተ ሰቦቻችሁ የምትሄዱ ጓደኞቻችን ስትመለሱ ከእስቴም ከፎገራም ከጋይንትም ጫፉ የተቆለመመ፣ ቀለል ያለ፣ እስከ ዳሌ የሚደርስ እንጨት ብታገኙ ይዛችሁልን ኑ። ወፍራሙን አትድከሙበት፤ እርሱ ሞልቶናል።