ማባያ ከገዛ ቤት

«ጊዜ የለንም» እያሉ ለልጆቻቸው ማባያ ከሱቅ በጠርሙስ የሚገዙ ወላጆች በዝተዋል። ይህ ግን ሰበብ እንጂ ምክንያት አይደለም። ሰናፍጭ ለቅሞ ወቅጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ዘይት መጨመር የስንት ሰዓት ሥራ ነው? ብቻ ውሃው የፈላ አይሁን፤ የማቃጠል ኃይሉን ያጠፋበታልና። አዋዜማ በርበሬው በጨው፣ በውሃና በጥቂት ዘይት እንደ ተለወሰ ወዲያው ይቀርባል። የተለመደው የጠርሙስ ካቻፕ ግን በአንድ የሾርባ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስኳር ይዞ ከገበታ ይደርሳል።

አባትም «የሴት ሥራ ነው» ብሎ አያመካኝ፤ የሚጎርስ እጅ መበጥበጥ አያቅተውም። ልጁን አጠገቡ አቁሞ ያሳየው። የቤቱን ጣዕም ከባለሱቅ የተማረ ልጅ፣ ነገ የቤቱን ደንብ ከሌላ ቢማር ማን ሊወቀስ ነው?