«ካላችሁበት እንዳትነቃነቁ!»

ለመሆኑ መርከብ ሲሰጥም የካፒቴኑ የመጀመሪያ ግዴታ ምንድን ነው? ብዙ ሰው «መጨረሻ መውጣት ነዋ!» ይላል። እኔ ግን ከዚያም የሚቀድም አለ ባይ ነኝ። እውነቱን መናገር!

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. «ሴዎል» የተባለችው የደቡብ ኮርያ መርከብ 476 ሰዎች አሳፍራ ወደ ጄጁ ደሴት ስትጓዝ ተንጋደደች። አብዛኞቹ ለሽርሽር የወጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። «ካላችሁበት እንዳትነቃነቁ!» የሚል ትእዛዝ በድምፅ ማጉያ ተደጋግሞ ተነገራቸው። ልጆች ናቸውና ታዘዙ። ካፒቴን ተብዬውስ? ሱሪውን እንኳ በቅጡ ሳይታጠቅ ቀድመው ከተረፉት ጋር ሹልክ አለ! 304 ሰው አለቀ። አንዲት የ22 ዓመት የመርከቧ ሠራተኛ ግን ለተማሪዎቹ ላይፍ ጃኬት ስታድል እዚያው ቀረች። ማዕረግ አልነበራትም።

የእኔም ሙያ ከዚህ ጉድ ንጹሕ አይደለም። በዚያኑ ዕለት የኮርያ ቴሌቪዥኖች ሳያጣሩ «ተማሪዎቹ በሙሉ ተርፈዋል» ብለው አወጁ። ወላጅ ይህን ሰምቶ «ተመስገን» ሲል ልጁ ገና እዚያ ውስጥ ነበር።

የእኛም ሰው በባሕር ላይ ተፈትኗል፤ በመርከብ ሳይሆን በአውሮፕላን። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን የአየር መንገዳችንን ቦይንግ 767 ሦስት ጠላፊዎች ያዙት። «አውስትራልያ ውሰደን!» አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ «ነዳጁ አይበቃም» ቢሏቸው ማን ሰምቶ! ረዳታቸውን ዮናስ መኩሪያን ደብድበው ከአብራሪዎቹ ክፍል አስወጡት። ካፒቴኑ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ የተጠለፉ ሰው ናቸው።

ነዳጁ አልቆ አንዱ ሞተር ሲጠፋ ካፒቴን ልዑል ማይክሮፎኑን አንስተው ለመንገደኞቹ እቅጩን ነገሯቸው። ነዳጅ አልቋል፣ ሞተር ጠፍቷል፣ ልንወድቅ ነው፣ ጠላፊዎቹን ተከላከሉ አሏቸው። መጥረቢያ በያዙ ሰዎች እጅ ሆነው ነው ይህን ያሉት! ከዚያም ጠላፊ መሪውን እየታገላቸው፣ ኮሞሮስ ዳርቻ ከአንድ የቱሪስት ሆቴል ፊት ለፊት ውኃው ላይ አወረዱት። በሆቴሉ የነበሩ እንግዶችና ጠላቂ ዋናተኞች ደርሰው ሰው አወጡ።

ከ175ቱ 50 ተረፉ፤ 125 ሞቱ። ላይፍ ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉት ብዙዎች ውኃው ወደ ጣሪያ ገፍቷቸው መውጫ አጡ። እውነት መናገር ሁሉን አያድንም፣ ይህን አልክድም። ግን ማንም ተታልሎ አልሞተም።

የሴዎሉን ካፒቴን ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ አስሮታል። የእኔ ጥያቄ እዚህ በየወንበሩ መሪ ለጨበጣችሁት ነው። ውኃው ቁርጭምጭሚታችን ሲደርስ «ተረጋጉ፣ ሁሉም በቁጥጥር ሥር ነው» የምትሉን ከልባችሁ ነው ወይስ ጀልባው እስኪቀርብላችሁ ነው?