ልጅ በፈተና ሳይመረጥ ሲቀር

ባሌት የሚባለውን የቲያትር ጭፈራ ለመማር የሚመኝ ልጅ ያላቸው ወላጆች የአና ፓቭሎቫን ታሪክ ቢያስቡ መልካም ነው። አና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. በመስኮብ አገር በሴንት ፔተርስቡርግ ከልብስ አጣቢ እናት ተወለደች። በመጀመሪያ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የባሌት ትምህርት ቤት በቀረበች ጊዜ፥ ዕድሜዋ ስላልደረሰና ሰውነቷም ደካማ ስለ መሰላቸው አልተቀበሏትም። በ1891 ዓ.ም. ግን በ10 ዓመቷ ዳግመኛ ቀርባ ገባች፤ ኋላም ስሟ በዓለም ሁሉ ተሰማ።

ነገር ግን የተመለሰ ልጅ ሁሉ ፓቭሎቫ አይሆንም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ እኛ የምንመክራችሁ፥ ልጃችሁ ከጭፈራው ጋራ የቀለሙን ትምህርት እንዳይተው ነው። ሳይቀበሉት ቢቀሩም ፊታችሁን አታጥቍሩበት። ፈታኞቹ የመዘኑት እግሩንና ወገቡን ነው፤ ልጁ የራሱን ዋጋ የሚያነበው ግን ከእናንተ ፊት ላይ ነው።