ከተማሪዎች ብዕር፦ ሰላምታ ብቻ ደብዳቤ አይሆንም



በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ ጥጃ ጠባቂ ልጅ ነበርኩ። ሳልማር ቀረሁ። ዘንድሮ ግን ከሀ እስከ ፐ 231ዱን ፊደል ለየሁ።

ልጄ ሩቅ አገር ተድራለች። ባሏ ይመታታል ሲሉ ሰማሁ። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ጎረቤት ነው። ታዲያ ይህን በጎረቤት እጅ እንዴት ላስጽፈው? ሰላምታ ብቻ አስጽፌ ዝም እል ነበር።

ራሴ መጻፍ ስጀምርም ያው ሰላምታው ወረቀቱን ሞላው። ነጥብ የለው፣ ጉዳይ የለው። አስተማሪያችን አየችና፣ «እናቴ፣ የልብዎ ጉዳይ የት አለ?» አለችኝ።

ቤቴ ገብቼ እንደገና ጻፍኩ።

«ልጄ፣ ከተመታሽ አትደብቂኝ። ቤትሽ ክፍት ነው። ነይ።»

በየመጨረሻው አራት ነጥብ አደረግሁ። አሽጌ በመንገደኛ ላክሁት። ልጄ ራሷ አነበበችው። በሳምንቱ መጣች።

አሁን የምማረው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ቀኑን፣ ስሟን፣ ቀበሌዋን፣ የደረሰባትን በደል በግልጽ ማስፈር እፈልጋለሁ። የልጄን አቤቱታ በገዛ እጄ እጽፋለሁ።

ጓደኞቼ፣ እናንተስ የልባችሁን ጻፋችሁ?