ባቲን ያበላሸው ማነው?

«ጂጂ ቅኝታችንን አበላሸች» የሚሉ ወንድሞች ከደሴም ከኮምቦልቻም ግቢ አይጠፉም። እስቲ እንከራከር።

እጅጋየሁ ሽባባው የቻግኒ ልጅ ናት፤ ግጥምም ዜማም ትደርሳለች። እ.ኤ.አ. በ2001 «ጂጂ» የተባለውን አልበም ከአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ጋር ስትሠራ እነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር አጅበዋታል። ከዘፈኖቹ አንዱን «ጉራማይሌ» አለችው፤ ስድቡን ቀድማ ወሰደችባችሁ ማለት ነው! በ2003 ላስዌል ያንኑ አልበም አፈራርሶ እንደገና ሲሠራው ድምፅዋ ግጥም መሸከሙ ቀርቶ እንደ አንድ መሣሪያ ሆነ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ እኔም ግጥሙ ይናፍቀኛል። ቅሬታ ካለ ይኼ ነው።

በዚያው ዓመት ግን «ባቲ ባቲ»ንም ተጫውታዋለች። ይኼ ነው ያስቆጣችሁ?

የባቲ ንጽሕና ጠባቂዎች ሆይ፣ አንድ ሰኞ ከኮምቦልቻ ተሳፈሩና ገበያውን እዩት። አፋሩ ግመሉን እየነዳ፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ተሸክሞ፣ በሦስት ቋንቋ በአንድ ዋጋ ሲከራከር የኖረበት ቦታ ነው። የዚህን ገበያ ስም የያዘ ቅኝት ነው እንግዲህ «ከሌላ እንዳይቀላቀል» የሚባለው?

እኛስ? በየበዓሉ ኪቦርዱ ውስጥ ተሞልቶ የመጣውን ምት እንከፍትና አምባሰሉንም ባቲውንም በዚያው ድለቃ እንወቅጠዋለን። ያን ጊዜ «ተበላሸ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ጉድ እኮ ነው! ፋብሪካ የሠራው ምት ባህል ሆኖ፣ ሰው የደከመበት ሙከራ ጥፋት ይባል?

መልስ ያለው ለሚቀጥለው ዕትም ይጻፍ። ብቻ መጀመሪያ ዘፈኖቹን ይስማ፤ እስከ መጨረሻው።