በሐይቅ ዳር ለሚደረግ ሠርግ የሚሆን የእጅ ሥራ ጌጥና የእንግዳ መታሰቢያ

ሠርግ የሁለት ወጣቶች ደስታ ብቻ ሳይሆን የሁለት ቤተ ሰብ ስም የሚመዘንበት ቀን መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህም አባት ያለውን አውጥቶ፤ የጎደለውን ተበድሮ፤ ድንኳኑን አስፍቶ ልጁን ይድራል። ነገር ግን ሙሽሮቹ ወልደው፤ የተወለደውም ሕፃን በእግሩ መሄድ ጀምሮ ሳለ፤ የሠርጉ ዕዳ ገና ተከፍሎ ያላለቀበት ቤት እናውቃለን። የዕዳ ክርክር ጽሕፈት በእጃችን በሚያልፍበት ሥራ ላይ ስለምንገኝ፤ ይህን የምንለው ከወሬ ሰምተን አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ጽሕፈታችን የሠርግን ክብር ሳያጎድል ወጪውን ስለሚያቀልል ነገር፤ ይኸውም በገዛ ቤት እጅ ስለሚሠራ ጌጥና ለእንግዳ ስለሚሰጥ መታሰቢያ ጥቂት ቃል ለመናገር አሰብን።

ከቅርብ ዘመን ወዲህ የሠርግን ግብዣ ከአዳራሽ አውጥቶ በውሃ ዳር ማድረግ እየተለመደ መጥቷል። የባሕር ጠረፍ ያላቸው አገሮች ሰዎች በአሸዋው ላይ ዳስ ጥለው ይጋባሉ። በእኛም አገር በሐዋሳ፤ በላንጋኖ፤ በቢሾፍቱና በጣና ዳር ይህን የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው። ይልቁንም ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ስለሆነ አባቶቻችን ባሕር ብለው ጠሩት፤ በዳሩ ያለችውም ከተማ ባሕር ዳር ተባለች።

በዚያች ከተማ፤ በመንግሥት ሥራ አርጅተው በጡረታ የሚኖሩ አንድ ወዳጅ አሉን። ከጥቂት ዓመት በፊት ሴት ልጃቸው ታጨችና፤ ተክሊሉ በቤተ ክርስቲያን ከተፈጸመ በኋላ ግብዣው በሐይቁ ዳር እንዲሆንላት ለመነች። ወዳጃችንም ፈቀዱ። ነገር ግን ሥፍራ የሚያስጌጡት ባለሙያዎች የጠየቁት ዋጋ የስምንት ወር ጡረታቸውን የሚያህል ሆነ። እናትየው «ያለ ጌጥ ብንድራት ሰው ምን ይለናል» ብለው የአንገታቸውን ወርቅ ለመሸጥ ተነሡ። ወዳጃችንም «ይህ የእናትሽ ወርቅ ነው፤ አይነካም» አሉ። ነገሩም በዚህ ተካርሮ ቤቱ ሁለት ሳምንት ያህል ያለ ጨዋታ ሰነበተ።

በዚያ ቤት ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ፤ ዐይናቸውም በሞራ የደከመ፤ የወዳጃችን እናት ነበሩ። እኒህ እመቤት አንድ ቀን ማታ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ክርክሩን ሲሰሙ ቈይተው፤ «የኔን ሠርግ ያስጌጠው ነጋዴ ነበርን? ስንደዶ ይምጣልኝ» አሉ። ከዚያች ቃል በኋላ የሆነውን ነገር ለሚያስብበት ሰው ይጠቅም ዘንድ በየተራው እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ስለ ጊዜው እንናገር። ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው። ለመሶብና ለሙዳይ የሚሆኑት ስንደዶና አክርማ ግን የሚለቀሙት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እንግዲህ ለጥር ሠርግ በታኅሣሥ የሚነሣ ሰው ወደ ገበያ ከመሮጥ በቀር ሌላ ዕድል የለውም። ሙሽራዪቱና ባልንጀሮችዋ በነሐሴ መጨረሻ ወጥተው ሣሩን ለቀሙ። ሣሩም ተመርጦ፤ ተሰንጥቆ፤ በፈላ ቀለም ተነክሮ በጥላ ሥር ደረቀ፤ ፀሐይ ከመታው ቀለሙ ይገረጣልና። በወስፌ ሲሰፋም እንዳይሰበር ጥቂት ውሃ እያርከፈከፉ ማለስለስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር የእንግዳ መታሰቢያ ነው። በኢጣልያ አገር ለሠርግ እንግዳ በስኳር የተለበሰ አምስት የለውዝ ፍሬ በትንሽ ከረጢት አድርጎ መስጠት የቈየ ልማድ ነው፤ አምስቱም ጤና፤ ሀብት፤ ደስታ፤ ልጅና ረጅም ዕድሜ ማለት ናቸው ይባላል። አሳቡ መልካም ነው፤ ዕቃው ግን የግድ ከውጭ አገር መምጣት አያስፈልገውም። ወዳጆቻችን 160 እንግዳ ጠርተው ነበርና፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሳይሆን ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መታሰቢያ እንዲሆን ቈጥረው 64 ቤት አገኙ። ስለዚህ በእጅ መዳፍ የምትያዝ፤ ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ እንድትሰፋ ተቈረጠ። በውስጧም በጣና ዳር ካለው ከዘጌ ደን የተለቀመ ቡና 30 ግራም ያህል ይገባል፤ ይህም ለ64 ሙዳይ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ስለሆነ ወጪው እጅግ ጥቂት ነው። ቡናው ያልተቈላ እንዲሆን አያትየዋ አዘዙ፤ የተቈላ ቡና መዓዛው ቶሎ ይጠፋል፤ ጥሬው ግን እንግዳው በቤቱ በገዛ እጁ ቈልቶ እስኪጠጣው ድረስ ይቈያል።

ስፌቱን አራት ሴቶች ያዙ፤ አያትየዋ፤ እናትየው፤ ሙሽራዪቱና አንዲት ጎረቤት። እያንዳንዳቸውም ከሌላው ሥራቸው ጋር በሳምንት ሁለት ሁለት ሙዳይ ሲጨርሱ፤ በጥቅምት መባቻ ተጀምሮ በስምንት ሳምንት ውስጥ 64ቱ ተፈጸመ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው። እዚህ ላይ ልንሰውረው የማይገባን ነገር አለ። እናትየው በከተማ አድገው በትምህርት ቤት የዋሉ ስለሆኑ ወስፌ ይዘው አያውቁም ነበር። በአማታቸው ቤት 30 ዓመት ሲኖሩ ይህን ሙያ አልጠየቁም፤ አማታቸውም አላስተማሩም። በዚያ ወራት ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሰፉ ለማየት በቃን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙዳዮች ጠማማ ሆነው ሳለ፤ አያትየዋ በጣታቸው ዳስሰው «ይህች ሰክራለች፤ ፍቺያት» ሲሉ ቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር።

ሦስተኛው ነገር ዳሱ ነው። በሐይቅ ዳር ዳስ የሚጥል ሰው ስለ ውበቱ ሳይሆን በመጀመሪያ ስለ ነፋሱ ማሰብ ይገባዋል። ጧት ጸጥ ያለ ውሃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታልና። ስለዚህ ከእንጅባራ በኩል የመጣ ወፍራም ቀርከሃ በአራት ማዕዘን ተተክሎ፤ እግሩ በአሸዋው ውስጥ ከአንድ ክንድ በላይ ተቀበረ፤ በየማዕዘኑም በቃጫ ገመድ ወደ ውጭ ተወጠረ። ከላይ ነጭ ሸማ ተጣለበት፤ ነፋስ እንዳይነፋውም በየጫፉ ትንሽ ጠጠር ተቋጥሮ ተሰፋበት። ፊቱና ጎኑ በደንገል ተሸፈነ።

ደንገሉን የሸጡልን ታንኳ በመሥራት የታወቁ አንድ የወይጦ ሽማግሌ ናቸው። ደንገል ከተቈረጠ በኋላ ውሎ ሲያድር እየደረቀ ቢጫ ይሆናል፤ ስለዚህ አረንጓዴውን የሚፈልግ በዋዜማው፤ ለማጠፍና ለመጎንጎን የሚፈልገው ግን ሁለት ሦስት ቀን ጠውልጎ እንዲለዝብ ያቈየዋል። ሽማግሌው ሥሩን ሳይነኩ ከላይ ብቻ ይቈርጣሉ፤ ሥሩ ከቀረ ተመልሶ ይበቅላልና። በጣና ዳር ያለው ደንገል ከቀድሞው እየሳሳ ስለ መጣ ይህ ጥንቃቄ ለሁላችንም ትምህርት ነው። ከተረፈው ደንገል እኒሁ ሽማግሌ ክንድ የማይሞሉ ትናንሽ ታንኳዎች አስረው፤ በየገበታው መካከል ዳቦ ቈሎ እየተሞላባቸው ተቀመጡ። ልጆች ከሌላው ጌጥ ሁሉ የወደዱት ይህን ነበር።

ከመንገዱ ጀምሮ እስከ ዳሱ ድረስ ሰሌን ተነጠፈ፤ በዳሩም ቄጠማ ተጎዘጎዘ። ይህ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች ሴትና በምርኵዝ የሚሄድ ሽማግሌ በአሸዋ ላይ ይቸገራሉና። ለብርሃን የሚሆነው ጧፍ በነፋስ እንዳይጠፋ፤ አሸዋ በተሞላና ጎኑ በተበሳ ቅል ውስጥ ቆመ። የእያንዳንዱም ቤት ስም በቁም ጽሕፈት በትንሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ በሙዳዪቱ ክዳን ላይ ታሰረ፤ ይህን የጻፈው የሙሽራዪቱ ወንድም ነው።

ስለሚከለከሉት ነገሮችም ሁለት ቃል እንጨምር። የሙሽራዪቱ ባልንጀሮች በውሃው ላይ የተንሳፈፈውን የእምቦጭ ሐምራዊ አበባ አይተው ለገበታ ጌጥ ሊለቅሙ ፈልገው ነበር። ይህ አረም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን፤ በጣና ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ታውቆ ዓሣ አጥማጁንና ባለ ጀልባውን ያስጨነቀ ነው። ከነሥሩ የተጣለች ቅንጣት በሌላ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ትራባለች፤ ፍሬውም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይኖራል። ስለዚህ አበባውን ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ማዞር ጠላትን አዝሎ እንደ ማሻገር ነው። በኬንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያሉ ሠራተኞች ግንዱን አድርቀው ቅርጫትና ወንበር ይሠሩበታል፤ እንዲህ አድርጎ መጠቀም የሚወድ ሁሉ ሥሩንና አበባውን አስወግዶ፤ ከውሃ ርቆ ፈጽሞ ማድረቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ክልክል ፊኛና የሚያብለጨልጭ የፕላስቲክ ብጣሽ ነው። ስሙን በማንጠራው በአንድ ሥፍራ በተደረገ ሠርግ ላይ ተገኝተን፤ ነፋስ ፊኛዎቹን ሁሉ በጥሶ ወደ ሐይቁ ሲነዳቸው አየን። በማግሥቱ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከመረቡ ውስጥ ቅዳጁን ሲለቅም ስናገኘው «የማን ሠርግ ነበር?» ብሎ ጠየቀን፤ እኛም ከተጋባዦቹ አንዱ ስለ ነበርን አፈርን። ደንገልና ቄጠማ ግን ቢወድቅም መሬት ይሆናል። በመጨረሻም በጣና ዳር ጉማሬ መኖሩን አትርሱ፤ ሲመሽ ለግጦሽ ከውሃ ይወጣልና ግብዣው ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈጽሞ ሰው ሁሉ ከዳርቻው እንዲነሣ ይሁን።

ሠርጉ በጥር መጨረሻ ተደረገ። ከቀትር በኋላ እንደ ተፈራው ነፋስ ተነሣ፤ ዳሱ ግን አልተነቃነቀም። ሙዳዮቹ በገበታ ላይ ሲደረደሩ፤ አያትየዋ ከሰፏቸው ውስጥ አሥራ አንዱ ቀለማቸው የተምታታ ሆኖ ተገኘ፤ ዐይናቸው ስለ ደከመ በቀዩ ፋንታ አረንጓዴውን ሰፍተውበት ነበር። አንዲት ዘመድ «እነዚህስ ወደ ኋላ ይቀመጡ» ብትል፤ ሙሽራዪቱ አሥራ አንዱንም አንሥታ በሙሽሮቹና በሚዜዎቹ ገበታ ላይ አኖረቻቸው። ለአያትዋ ግን ስለ ቀለሙ ማንም አልነገራቸውም። እንግዶቹም ጌጡን ያዘጋጀው ነጋዴ ማን እንደ ሆነ ሲጠይቁ፤ ወዳጃችን ወደ እናታቸው እያመለከቱ «እኒያ ናቸው» ይሉ ነበር።

አያትየዋ በዚያው ዓመት ፋሲካ ሳይደርስ ዐረፉ። ወርቁ ሳይሸጥ በእናትየው አንገት ላይ አለ። ወስፌውም በእጃቸው ነው፤ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ልጆችን ሰብስበው ስፌት ያስተምራሉ።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ በአገራችን የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው መናቅ የቈየ ክፉ ልማድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ማስታወቃቸው ስለዚሁ ነው። ሸማኔው፤ ሸክላ ሠሪዋና ታንኳ አሳሪው ባይኖሩ፤ እኛ ከባዕድ አገር በተገዛ ጌጥ ልጆቻችንን በዳርን ነበር። እንግዲህ በሚመጣው ጥር ልጃችሁን ለመዳር ያሰባችሁ፤ በቤታችሁ ወስፌ የምታውቅ እናት ወይም አያት ካለች ዛሬውኑ አጠገብዋ ተቀመጡ። ስንደዶ በየዓመቱ ይበቅላል፤ የሚያስተምረን ሰው ግን ሁልጊዜ አይገኝም።